ምዕራፍ ሰባት፦ ሲቀናጁ የሚነቁ ተቀባዮች

በምዕራፍ ሁለት እንደተገለጸው የሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ ድርብ ንጣፍ ሲሆን፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ አራትና አምስት እጥፍ ያህል ብቻ ቢሆንም በውሃ የሚሟሟ ነገር ሁሉ እንዳሻው እንዳይገባና እንዳይወጣ ይከለክላል። በምዕራፍ አምስት የታየው ኢስትሮጅን ይህን ሽፋን የሚያልፈው እርሱም በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህም ተቀባዩን የሚያገኘው በሕዋሱ ውስጥ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚመለከታቸው መልእክተኞች ግን ፕሮቲኖች ናቸው፤ ከውሃ ጋር የሚስማሙ፣ ስብን የማይዘልቁ፣ በመጠናቸውም ከኢስትሮጅን ብዙ እጥፍ የሚበልጡ በመሆናቸው እስከ ሽፋኑ ደጃፍ ይደርሳሉ እንጂ አይገቡም። ውጭ የቀረ መልእክተኛ በውስጥ ያለውን ሥራ እንዴት ሊያዝዝ እንደሚችል ማወቅ የሕዋስ ሳይንስ ለረጅም ጊዜ የታገለበት ጥያቄ ነበር።

ጥያቄው ከቤተ ሙከራ የማይወጣ የምሁራን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ወለጋ፣ በጊምቢ ወይም በአይራ፣ ከአንዲት ሴት ጡት ላይ የተወሰደ የእብጠት ናሙና ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ሙሉ ምርመራ ሲደረግለት፣ ተመልሶ የሚመጣው ወረቀት ስለ ሦስት ተቀባዮች የሚናገሩ ሦስት መስመሮች ይኖሩታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች የኢስትሮጅንንና የፕሮጀስትሮንን ተቀባዮች ይመለከታሉ፤ ሁለቱም በምዕራፍ አምስት ተብራርተዋል። ሦስተኛው መስመር ኸር-2 ስለሚባል ተቀባይ የሚናገር ሲሆን፣ የዚህ ተቀባይ መብዛት ለምን በሽታ እንደሚያባብስና መድኃኒቱም ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ተቀባዮች መልእክት ማስተላለፍ የሚጀምሩበትን መንገድ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ዐይን ያስገለጠው ፈሳሽ

የዕድገት ቀስቃሽ የሚባሉት ፕሮቲኖች አንድ ሕዋስ ለሌላው የሚልካቸው መልእክቶች ናቸው፤ ተቀባዩን ሕዋስ እንዲያድግ፣ እንዲከፈል፣ ከቦታው እንዲንቀሳቀስ ወይም በሕይወት እንዲቆይ ያዝዙታል። ቁስል ሲሽር ቆዳው የሚገጥመው፣ ፅንስ በማሕፀን ውስጥ ቅርጽ የሚይዘው፣ በየጥቂት ቀኑ የሚያልቀው የአንጀት ውስጠኛ ገጽታ የሚተካው በእነዚህ ትእዛዞች ነው።

የመጀመሪያዎቹ የዕድገት ቀስቃሾች የታወቁት በሁለት ሳይንቲስቶች ትዕግሥት ነው። ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር መኖሩን ካሳየች በኋላ፣ አብሯት የሠራው አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ንጥረ ነገሩን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ለማጣራት ሲሞክር ያልጠበቀውን ነገር አየ። ከዕጢው የተጨመቀውን ፈሳሽ የተወጉ አዲስ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎች፣ እንደ ወትሮው በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሳይሆን ገና በሰባተኛው ቀን ገደማ ዐይናቸውን ገለጡ። ነርቭ የሚያሳድገው ንጥረ ነገር ዐይን የሚያስገልጥበት ምክንያት አልነበረም፤ ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ ሌላ ነገር መኖር ነበረበት። ኮኸን ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1962 የገለጸው ፕሮቲን ዛሬ የገጸ ቆዳ ዕድገት ቀስቃሽ፣ በአጭሩ ኢጂኤፍ ይባላል፤ ሥራውም የቆዳን የላይኛ ሽፋንና መሰል ሕዋሳትን ማብዛት ስለሆነ የግልገሎቹ የዐይን ቆብ ቀድሞ በስሎ መከፈቱ ምክንያቱ ታወቀ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ኢጂኤፍ የ53 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር አንድን ሙሉ ሕዋስ እንዲከፈል ማስገደዱ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ኢጂኤፍ ኃይልም ሆነ ግንባታ የሚሆን ነገር ይዞ እንደማይመጣ ልብ ማለት ይገባል። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ከተተከለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የተቀባዩ ነው።

ቀጭኗ መሻገሪያና እንቆቅልሿ

የኢጂኤፍ ተቀባይ ከ1,100 በላይ አሚኖ አሲዶች ያሉት ረጅም ፕሮቲን ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። ከሽፋኑ ውጭ ያለው ትልቅ ክፍል መልእክተኛውን ይይዛል፤ ከሽፋኑ ውስጥ ያለው ክፍል ኢንዛይም ነው፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ ስቡን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ሃያ ሦስት ገደማ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አንድ ጥምዝ ክር ነው።

እንቆቅልሹ ያለው በዚህ ክር ላይ ነው። ሌሎች የተቀባይ ቤተሰቦች፣ ለምሳሌ በምዕራፍ ስድስት የተነሳው የአድሬናሊን ተቀባይ፣ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ እየተመላለሱ ስለሚያቋርጡ አንዱን ክር ከሌላው አንጻር በማንሸራተት ውጭ የተሰማቸውን ለውጥ ወደ ውስጥ ሊያደርሱ ይችላሉ። ብቻዋን በፈሳሽ ስብ መካከል የቆመች አንዲት ክር ግን የምትደገፍበትም የምትገፋውም ነገር የላትም፤ ራሷን ብታዞር ወይም ብትወዛወዝ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ያንን ከተራ መንቀጥቀጥ የሚለይበት መንገድ አይኖርም። መልእክቱ በክሩ ውስጥ ተጉዞ እንደሚደርስ ያሰቡ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆሙ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዮሴፍ ሽሌሲንገርንና ዮሴፍ ያርደንን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች መልእክቱ በአንድ ተቀባይ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ መጠየቁን ትተው፣ ሁለት ተቀባዮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ምን እንደሚከሰት መመርመር ጀመሩ። የደረሱበትም መልስ የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ነው፦ እነዚህ ተቀባዮች የሚነቁት ሲጣመሩ ነው። በውጭ በኩል የሚቀራረቡ ሁለት ተቀባዮች በውስጥ በኩልም ይቀራረባሉ፤ በዚህ መንገድ መልእክቱ ስቡን ለማቋረጥ በየትኛዋም ክር ውስጥ መጓዝ አያስፈልገውም።

የአንድ በሬ ገበሬዎች መቀናጆ

በምሥራቅ ወለጋ የበቆሎና የዳጉሳ ማሳዎች ላይ ማረሻ የሚስበው ጥማድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በሬው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ብቻውን ሊያርስበት አይችልም፤ ሞፈሩ የሚታሰረው በቀንበሩ መካከል ነው፣ ቀንበሩም ሁለት አንገት ይፈልጋል። ስለዚህ እርሱን መሰል ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። በሬው ከመቀናጆው በፊትም ጉልበት ነበረው፤ ያጣው ጓደኛ ነበር።

ተቀባዩም እንዲሁ ነው። ነጠላ ተቀባይ በሽፋኑ ላይ ሲንሳፈፍ ውስጣዊ ኢንዛይሙ ሙሉ ነው፣ አልተበላሸም፣ ነገር ግን አይሠራም። ሌላ መሰሉ አጠገቡ መጥቶ ሲገጥመው ብቻ ይነቃል። የዕድገት ቀስቃሹ ድርሻ ጉልበት መስጠት ሳይሆን ጥምረቱን ማስቻል ነው።

ጥምረቱን እንዴት እንደሚያስችል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 የተቀባዩ ውጫዊ ክፍል ቅርጽ በኤክስሬይ ሲታይ ነው። የኢጂኤፍ ተቀባይ ውጫዊ ክፍል ከሌላ ተቀባይ ጋር የሚያያዝበት ወጣ ያለ ክንድ አለው፤ መልእክተኛው በሌለበት ጊዜ ግን ይህ ክንድ ታጥፎ ከራሱ ከተቀባዩ የታችኛ ክፍል ጋር ይያያዛል። ተቀባዩ፣ በምሳሌው ለመናገር፣ አንገቱ ወደ ራሱ ጉልበት የታሰረ በሬ ነው። ኢጂኤፍ ሲመጣ የተቀባዩን ሁለት ራቅ ራቅ ያሉ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይይዝና ያቀራርባቸዋል፤ በዚህም እስሩ ይፈታል፣ ክንዱ ይዘረጋል፣ እንዲሁ ከተዘረጋ ሌላ ክንድ ጋርም ይያያዛል። ብዙዎችን ያስደነቀው ኢጂኤፍ በሁለቱ ተቀባዮች መካከል አለመገኘቱ ነበር። ሁለት የኢጂኤፍ ቅንጣቶች በጥንዱ ግራና ቀኝ፣ ከመገናኛው ርቀው ተቀምጠዋል፤ ተቀባዮቹን አንድ ላይ የያዛቸው የራሳቸው ክንድ ነው።

ሁሉም ቤተሰብ በዚህ መንገድ አይሄድም። የደም አርጊ ሕዋሳት የሚያመነጩትና ቁስልን ለመሻር የሚረዳው የዕድገት ቀስቃሽ ራሱ ጥንድ ሆኖ ስለሚመጣ፣ በአንዱ ጎኑ አንዱን ተቀባይ፣ በሌላው ጎኑ ሌላውን ይዞ እርሱ መካከላቸው ይቆማል። በነቀምቴ ሆስፒታሎች የስኳር ሕሙማን በየዕለቱ የሚወስዱት ኢንሱሊን የሚጣበቅበት ተቀባይ ደግሞ የዚሁ ሰፊ ወገን አባል ቢሆንም፣ ገና ከመሠራቱ በጥንድ የተሰፋ ነው። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ሐሳቡን ጠበቅ አድርጎ ለማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ጥንድ መሆን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። የኢንሱሊን ተቀባይ ጥንድ ሆኖም ኢንሱሊን እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ውስጣዊ ኢንዛይሞች ተራርቀው ይቆያሉ፤ ኢንሱሊን የሚያደርገው የጥንዱን ቅርጽ ለውጦ እነርሱን ማገናኘት ነው። የሚያነቃው እንግዲህ ጥምረት የሚሰጠው ትክክለኛ አቀማመጥ ነው።

ከሽፋኑ በታች የሚሆነው

የውስጡ ኢንዛይም ካይኔዝ ይባላል። ካይኔዝ፣ የሕዋስ የኃይል ምንዛሪ ከሆነው ከኤቲፒ ላይ ፎስፌት የሚባለውን ቁራጭ ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ነው። የኮኸን ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ1978 ኢጂኤፍ ሲጨመር በሕዋስ ሽፋን ላይ የፎስፌት ልጠፋ እንደሚጨምር አስተዋሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በካሊፎርኒያ የሶልክ ተቋም ይሠራ የነበረው ቶኒ ሃንተር አንዳንድ ካይኔዞች ፎስፌቱን የሚለጥፉት ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ መሆኑን አገኘ። በሕዋስ ውስጥ ከሚለጠፈው ፎስፌት ታይሮሲን ላይ የሚያርፈው ከሺህ አንድ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ ይህ እጅግ ጥቂት ምልክት የዕድገት ትእዛዝ ቋንቋ መሆኑ ታወቀ። በሰው ልጅ አካል ውስጥ ይህን ዓይነት ካይኔዝ ከሽፋን ተቀባይ ጋር አጣምረው የያዙ 58 የተቀባይ ዓይነቶች አሉ።

የኢጂኤፍ ተቀባዮች ሲጣመሩ ሁለቱ ካይኔዞች ምን እንደሚሆኑ እ.ኤ.አ. በ2006 የጆን ኩሪያን ቡድን አሳየ። ቀድሞ ብዙዎች የጠበቁት ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው እኩል እንደሚሠሩ ነበር። የታየው ግን የአንደኛው ካይኔዝ የታችኛ ጉልላት የሁለተኛውን የላይኛ ጉልላት ሲገፋ ነው፤ በዚህ ግፊት የሁለተኛው ኢንዛይም የተዘጋ አፉ ይከፈትና ሥራ ይጀምራል፣ ገፊው ግን በዚያች ቅጽበት ራሱ አይሠራም። የበሬዎቹ ምሳሌ እዚህ ላይ መተው አለበት፤ የተጠመዱ በሬዎች እኩል ይስባሉ፣ የተጣመሩ ካይኔዞች ግን አንዱ ቀስቃሽ፣ ሌላው ተቀስቃሽ ናቸው። ይህ ልዩነት ጥቃቅን ዝርዝር አይደለም፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ራሱ ካይኔዙ የደከመ ተቀባይ እንኳ ጥሩ ገፊ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የነቃው ካይኔዝ መጀመሪያ ፎስፌት የሚለጥፈው በሩቅ ፕሮቲን ላይ ሳይሆን ከተቀባዮቹ በታች በሚንጠለጠለው የራሳቸው ጅራት ላይ ነው። ጅራቱ ላይ ያሉት ታይሮሲኖች ፎስፌት ሲለጠፍባቸው፣ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወሩና ይህን ምልክት ብቻ የሚያውቅ መያዣ ያላቸው ፕሮቲኖች መጥተው ይጣበቃሉ። ከእነርሱ አንዱ ግርብ-2 የሚባለው ሲሆን፣ በሌላ ጎኑ ሶስ የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ወደ ሽፋኑ ያመጣዋል፤ ሶስ ደግሞ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተቀመጠውን ራስ የተባለ ፕሮቲን ያነቃዋል። ራስ ከነቃ በኋላ ትእዛዙ ከካይኔዝ ወደ ካይኔዝ በሦስት እርከን እየወረደ ወደ ኒውክለስ ይገባና ለመከፈል የሚያስፈልጉ ዘረመሎች እንዲነበቡ ያደርጋል። የራስ ነገር ሰፊ በመሆኑ የሚቀጥለው ምዕራፍ ተለይቶ ተሰጥቶታል።

መጀመር የሚችል ነገር ማቆምም መቻል አለበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተጣመሩት ተቀባዮች ያሉበት የሽፋኑ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ኪስ ሆኖ ይቆረጣል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ተፈጭተው ያልቃሉ። ሌሎች ኢንዛይሞችም የተለጠፈውን ፎስፌት ሳይውል ሳያድር ይልጣሉ። ጤነኛ ሕዋስ እንዲከፈል የሚታዘዘው ትእዛዙ እስካለ ድረስ ብቻ የሆነው በዚህ ነው።

ፈቃድ የማይጠይቀው ኸር-2

የኢጂኤፍ ተቀባይ ሦስት ወንድሞች አሉት፤ አራቱ በአንድ ላይ የኸር ቤተሰብ ይባላሉ። ከአራቱ መካከል ሁለቱ ልዩ ናቸው። ሦስተኛው፣ ኸር-3፣ መልእክተኛ ይቀበላል እንጂ የራሱ ካይኔዝ እጅግ ደካማ ነው። ሁለተኛው፣ ኸር-2፣ ብርቱ ካይኔዝ አለው፣ ነገር ግን ሳይንስ እስከ ዛሬ መልእክተኛ አላገኘለትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቅርጹ ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ፤ የኸር-2 ክንድ ከመጀመሪያውም አይታጠፍም። ሌሎቹ ወንድሞች መልእክተኛ እስኪፈታቸው ሲጠብቁ እርሱ ሁልጊዜ ለጥምረት የተዘጋጀ ነው።

ይህ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ጉዳት የለውም፤ ጥቅም እንጂ። ኸር-2 ቁጥሩ መጠነኛ በሆነበት ሽፋን ላይ ብቻውን ሲንሳፈፍ ራሱን መሰል የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነው፤ መልእክተኛ አግኝቶ ክንዱን የዘረጋ ወንድም ሲመጣ ግን ከማንም ቀድሞ ይቀናጀዋል። ኸር-2 እና ኸር-3 ሲጣመሩ የአንዱ መልእክተኛ ማጣትና የሌላው ካይኔዝ መድከም እርስ በርስ ይሟላሉ፤ ኸር-3 መልእክቱን ይቀበላል፣ ገፊም ይሆናል፣ ኸር-2 ተገፍቶ ይሠራል። በቤተሰቡ ውስጥ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ጥምረቶች አንዱ ከእነዚህ ከሁለቱ ጎዶሎዎች መፈጠሩ የመቀናጆን ጥበብ በሞለኪውል ደረጃ የሚያሳይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥር ሲበዛ ነው። የኸር-2 ዘረመል በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ዘረመሉ በስሕተት ተባዝቶ በሁለት ፈንታ በደርዘን የሚቆጠሩ ቅጂዎች ይኖሩታል። በጤነኛ ሕዋስ ሽፋን ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠረው ኸር-2 በእነዚህ ሕዋሳት ላይ እስከ ሁለት ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ሽፋኑ በዚህ መጠን ሲጨናነቅ፣ ክንዳቸው አስቀድሞ የተዘረጋ ተቀባዮች ማንም ሳይልካቸው ይጋጫሉ፣ ይጣመራሉ፣ ይነቃሉም። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ኸር-2 በቅርጹም በሥራውም ጤነኛ ነው። በሽታው የመጣው ከብዛትና ከመቀራረብ ብቻ ነው፤ ጥምረት መነሻ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ይህን በሽታ ሊረዳው አይችልም። ከዚህም በላይ ኸር-2 እንደ ወንድሞቹ ወደ ውስጥ ተስቦ ለመፈጨት እምቢተኛ ስለሆነ አንዴ የጀመረ ትእዛዝ ቶሎ አያቆምም።

በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሐኪም ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 189 የጡት እብጠቶችን መርምረው፣ 30 በመቶ ያህሉ የተባዛ የኸር-2 ዘረመል እንዳላቸውና የእነዚህ ሴቶች በሽታ ቶሎ እንደሚያገረሽ አስታወቁ። በኋላ በብዙ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች ድርሻውን ከ15 እስከ 20 በመቶ ወደሚሆን ዝቅ አድርገውታል። ያ ጥናት የመድኃኒት ፍለጋ በር ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ትራስቱዙማብ የኸር-2ን ውጫዊ ክፍል ከሽፋኑ አጠገብ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳትንም ወደ እብጠቱ ይጠራል። ከዓመታት በኋላ የመጣው ፐርቱዙማብ ግን በቀጥታ የሚያርፈው በዚያው በተዘረጋው ክንድ ላይ ነው፤ ሌላ ተቀባይ የሚይዝበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ መቀናጆውን ይከለክላል።

ከወለጋ የሚነሳ ናሙና

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው። በምዕራብ ወለጋ በሚገኘውና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሚተዳደረው በአይራ ሆስፒታል ሕሙማን ላይ የተደረገ፣ የጀርመኑ የሃሌ ማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በገጠር ኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከሕክምና በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው የተከታተሉ ጥናቶች እጅግ ጥቂት በሆኑበት ሁኔታ፣ የአይራው ሥራ ከዋና ከተማ ውጭ ያለችውን ሴት ሁኔታ በማሳየቱ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕሙማን ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአብዛኞቹ ሴቶች እብጠት የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል፤ ይህም በጽላት የሚወሰደው ታሞክሲፈን ለብዙዎች የሚጠቅም መሆኑን ያመለክታል። እነዚህ ሥራዎች ተቀባይን መመርመር በገጠር ሆስፒታል ላለች ሴት ትርፍ ነገር እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ምርመራ ሳይደረግ የሚጀመር ሕክምና ተቀባይ የሌላትን ሴት ያለ ጥቅም ያደክማታል፤ ያላትን ደግሞ የሚረዳትን መድኃኒት ሊያስቀርባት ይችላል።

የኸር-2 ምርመራ በመርሁ ቀላል ነው። ከእብጠቱ የተወሰደው ሥጋ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ከወረቀትም እጅግ ቀጭን ሆኖ ይቆረጣል፤ ኸር-2ን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይደረግበታል፣ ከዚያም ቡናማ ቀለም እንዲያወጣ ይደረጋል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የሕዋሳቱ ዙሪያ ሙሉ በሙሉ በጠቆረ ቡናማ ቀለበት ከተከበበ ሦስት ፕላስ ይሰጠዋል፤ ቀለሙ ከሌለ ወይም ጥቂት ብቻ ከሆነ ዜሮ ወይም አንድ ፕላስ ይባላል። ሁለት ፕላስ የሚባለው መካከለኛው ውጤት ግን መልስ አይደለም፤ ዘረመሉን ራሱን በሚቆጥር ሌላ ምርመራ መጣራት አለበት። በአጭሩ በማይክሮስኮፑ የሚታየው ከላይ የተገለጸው መጨናነቅ ነው።

ምርመራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ማይክሮስኮፑ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው መንገድ ነው። ከሰውነት የተቆረጠ ሥጋ ወዲያውኑ መበስበስ ይጀምራል፤ ተቀባዮቹም ፕሮቲን በመሆናቸው ይፈርሳሉ። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በኋላ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ አሥር በመቶ በሆነ፣ አሲድነቱ በተስተካከለ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ በዚያም ከስድስት ሰዓት ያላነሰ፣ ከሰባ ሁለት ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ እንዲቆይ ያዝዛሉ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ጊምቢ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትጨምራለች። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ፎርማሊን ተዘጋጅቶ ካልጠበቀ፣ ወይም ናሙናው ሰው እስኪገኝ፣ መኪና እስኪነሳ፣ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት ከቆየ፣ ተቀባይ የነበረበት እብጠት ተቀባይ የሌለው መስሎ ሊነበብ ይችላል። ይህ ስሕተት በወረቀቱ ላይ ምልክት አይተውም፤ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል፣ መድኃኒቱም አይታዘዝም።

ስለዚህ በነቀምቴ ያሉት የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልና የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የመሳሰሉ ተቋማት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሊኖራቸው የሚችለው ቦታ ትልቅ ነው። ውድ የሆነው የቀለም ምርመራ ወይም የዘረመል ቆጠራ በየከተማው መኖር የለበትም። በየአካባቢው መኖር ያለበት ናሙናውን በሰዓቱ ፎርማሊን ውስጥ የመክተትና በሦስት ቀን ጊዜ ውስጥ በሰም ቀብሮ የማስቀመጥ አቅም ነው፤ በሰም የተቀበረ ሥጋ ተቀባዮቹን ለዓመታት ጠብቆ ስለሚያቆይ ከዚያ በኋላ መኪናው ቢዘገይ እንኳ ጉዳቱ የከፋ አይሆንም። ናሙናው የገባበትና የወጣበት ሰዓት በመላኪያ ወረቀቱ ላይ መጻፉም እንዲሁ ርካሽና ወሳኝ ነው፤ ፓቶሎጂስቱ ዜሮ ያየበትን ናሙና ሊያምን ወይም ሊጠራጠር የሚችለው በዚያ ጽሑፍ ብቻ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የመጀመሪያው መድኃኒት የባለቤትነት መብት ካበቃ በኋላ በሌሎች አምራቾች የሚሠሩ ተመሳሳዮቹ ዋጋውን ዝቅ አድርገውታል፤ ሆኖም ሕክምናው ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ፣ የልብንም ብርታት በየጊዜው መከታተል የሚፈልግ በመሆኑ፣ ከአይራ ወይም ከጊምቢ ለምትመጣ ሴት ከመድኃኒቱ ዋጋ ባልተናነሰ የመመላለሱ ነገር ይከብዳል። ቆዳ ሥር በሚወጋ መልክ የተዘጋጀው ትራስቱዙማብ በጥቂት ደቂቃ ስለሚሰጥ ይህን ሸክም በከፊል ያቀልላል፤ የልብ ምርመራውን በአልትራሳውንድ ነቀምቴ ላይ ማድረግ ሲቻል ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ቁጥር ይቀንሳል።